«ማነው?» «እኔ ነኝ»፦ ድምፅ ስለማይለይ ካሽ

ይህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለወጣት ፕሮግራመሮች የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ከአዳራሹ የተነሡትን ጥያቄዎችም መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ። የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ጥላችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የመጣሁት ስለ ካሽ ላወራችሁ ነው። ጥሬ ገንዘቡን ማለቴ አይደለም። ኮምፒውተር አንድ ጊዜ የሠራውን መልስ አስቀምጦ፣ ያው ጥያቄ ሲመጣ እንደገና ሳይለፋ የሚሰጥበትን ዘዴ ነው።

በር ሲንኳኳ «ማነው?» እንላለን። ከውጭ ያለው «እኔ ነኝ» ይላል። ቃሉን ብቻ ካያችሁት ምንም አይናገርም። ሁሉም ሰው «እኔ» ነው። እናት ግን በድምፁ ትለየዋለች። ልጇም ይሁን ጎረቤት፣ የቆጣሪ አንባቢም ይሁን፣ በሁለት ቃል አወቀችው። ካሽ ግን ድምፅ አይለይም። «እኔ ነኝ» ላለው ሁሉ ያንኑ በር ይከፍታል። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንን ነው። እኔም የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ለአንድ የቁጠባና ብድር ማህበር የሞባይል መተግበሪያ ከሚሠሩት ልጆች አንዱ ነበርኩ። አባላቱ ስልካቸውን ከፍተው ቀሪ ሂሳባቸውን ያያሉ። መተግበሪያው መረጃውን ከያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት በር ኤፒአይ ይባላል። የኤፒአዩ አድራሻ አጭር ነበር። ከስሙ ቀጥሎ «ሚ»፣ ከዚያ «ባላንስ» ይላል። «ሚ» እንግዲህ «እኔ» ነው። የእኔ ሂሳብ። የሁሉም አባል ስልክ ይህንኑ አድራሻ ነው የሚጠይቀው። ማን እንደጠየቀ የሚታወቀው አብሮ በሚላከው ቶከን፣ ማንነቱን በሚያረጋግጥ የይለፍ ምልክት ነው። ቶከኑ ኦቶራይዜሽን በሚባለው ሄደር ውስጥ ይቀመጣል። ሄደር ከጥያቄው ወይም ከመልሱ ጋር አብሮ የሚሄድ ማስታወሻ ነው።

ወር ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። ሰርቨሩ ይንገዳገዳል፣ ስልኩ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። አንድ ቀን የጌትዌዩን፣ ከሰርቨሩ ፊት ቆሞ ጥያቄዎችን የሚቀበለውን በር ማስተካከያ ገጽ ስነካካ ካሽ የሚል ማብሪያ አየሁ። 60 ሰከንድ ብዬ አበራሁት። መተግበሪያው ወዲያው በረረ። ግራፉ ቁልቁል ሲወርድ አይቼ ደስ ብሎኝ ምሳ ልበላ ወጣሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከማህበሩ ስልክ አስተላለፉልኝ። አንዲት እናት ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ያለኝ 6 ሺህ ብር ነው። ስልኩ 80 ሺህ ይለኛል። የማን ገንዘብ ነው?»

«እማማ፣ እስቲ ዘግተው ይክፈቱት» አልኳቸው። ዘግተው ከፈቱት።

«አሁን ደግሞ 2 መቶ ብር ሆነ። ኧረ ልጄ፣ ብሬን ምን አደረጋችሁት?»

ላፕቶፔን ከፍቼ በራሴ ቶከን ጠየቅኩ። መልሱ በቅጽበት መጣ። ስሙ የእኔ አይደለም። ሄደሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። «ኤጅ» የሚል አለ፣ ቁጥሩ 41 ነው። ኤጅ መልሱ ተዘጋጅቶ ስንት ሰከንድ እንደሆነው ይናገራል። ስለዚህ ይህን መልስ ሰርቨሩ ለእኔ አላዘጋጀውም። ከ41 ሰከንድ በፊት ለሌላ ሰው ያዘጋጀው ነው። ቀጥዬ ቶከኑን አውጥቼ ጠየቅኩ። ማን እንደሆንኩ የሚናገር ምንም ነገር አልላክሁም። ያው መልስ መጣ፣ ኤጅ 47። በዚያ ሙቀት እጄ ቀዘቀዘ።

ለምን እንደቀዘቀዘ ልንገራችሁ። ቶከኑን የሚመረምረው ዋናው ሰርቨር ነበር። ካሹ ደግሞ ከሰርቨሩ ፊት ቆሟል። ካሹ መልስ ካለው ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ አይደርስም። ሰርቨሩ ጋ ካልደረሰ ቶከኑን የሚያይ የለም። ጥበቃው እንዳለ ነው፣ ግን ማንም በእርሱ በኩል አያልፍም። ያቺ 60 ሰከንድ ስታልቅ ቀድሞ የደረሰው አባል ሂሳቡን አምጥቶ ያስቀምጣል። ለቀጣዩ 60 ሰከንድ ያ ሂሳብ የሁሉም ይሆናል። እማማ ዘግተው ሲከፍቱ ሌላ ሰው ላይ የደረሱት ለዚህ ነው።

ነገሩን በሰፈር ሱቅ ልመስለው። ወደ ባለሱቁ ሄዳችሁ «ስኳር ስንት ነው?» ብትሉት ጠዋት አከፋፋዩን የጠየቀውን ዋጋ ይነግራችኋል። ለእያንዳንዱ ሰው መጋላ ገበያ ድረስ አይሮጥም። ማን እንደጠየቀው ማወቅም አያስፈልገውም። ስኳር ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው። «ዱቤዬ ስንት ደረሰ?» ስትሉት ግን ደብተሩን ያወጣል። ገጽ ይገልጣል። በስማችሁ የተከፈተውን ገጽ ነው የሚፈልገው። ስም ከሌለ መልስ የለም። እኔ ያበራሁት ካሽ ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ የሚያይ ባለሱቅ ነው። አንዷ «ዱቤዬ ስንት ደረሰ?» ስትል 300 ብር ብሎ ነገራት። ቀጥሎ የመጣውም «ዱቤዬ ስንት ደረሰ?» አለ። ጥያቄውን ያውቀዋል፣ መልሱም አፉ ላይ ነው። 300 አለው።

ካሽ ያንን ገጽ የሚያገኝበት ስም ቁልፍ ይባላል። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ዋናው ይህ ቁልፍ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አንድ ቁልፍ ካላቸው አንድ መልስ ያገኛሉ። ሌላ ምንም አይመረመርም። ታዲያ ቁልፉ ውስጥ ምን አለ? እናንተ ካልነገራችሁት ጥቂት ነገር ነው ያለው። የአማዞን ክላውድፍሮንት ሲዲኤን ነው፣ የመልስ ቅጂዎችን ለተጠቃሚው ቅርብ ቦታ የሚያስቀምጥ አገልግሎት። ካልነካችሁት ቁልፉ የዶሜይኑ ስምና የአድራሻው መንገድ ነው። የአማዞን ኤፒአይ ጌትዌይ ካሹን ስታበሩት ካልነካችሁት 300 ሰከንድ ይይዛል፣ እስከ 3600 ሰከንድ ማድረስም ይቻላል። ሄደሮችንና በአድራሻው ላይ የሚጨመሩ መጠይቆችን ግን ቁልፍ ናቸው ብላችሁ ምልክት ካላደረጋችሁ አይቆጥራቸውም። እዚያ ቶከኑ ከካሹ በፊት ሊመረመር ይችላል። ሆኖም መመርመር አንድ ነገር ነው፣ ቁልፉ ውስጥ መግባት ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለቱም ትክክለኛ ቶከን ይዘው መጥተው አንዱ የሌላውን መልስ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይህ ልዩነት ብዙ ጎበዝ ልጅ ያሳታል።

«ታዲያ ካሽ ይቅር» የሚል ይኖራል። አይቅርም። የእኛ ኤፒአይ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ሩቅ ነው። አማዞን በ2020 ኬፕታውን የክላውድ ማዕከል፣ ሰርቨር የሚያከራይበት ቦታ ከፍቷል። ማይክሮሶፍት ከ2019 ጀምሮ ጆሃንስበርግ አለ። ብዙ ቡድን ደግሞ ፍራንክፈርትን ይመርጣል። ከድሬ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው። ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፣ ኮዳችሁ የፈለገውን ያህል ቢያምር። ኬብሉም በቀጥታ አይሄድም። ኮኔክሽን ለመክፈትና ለማመስጠር ደግሞ ደጋግሞ መመላለስ አለ። ይህች ከተማ ርቀትን ታውቀዋለች። ባቡሩ በ1902 ከጅቡቲ ድሬ ሲደርስ፣ እስከ አዲስ አበባ ለመዝለቅ 1917ን ጠብቋል። መንገዱ እስኪቀጥል ዕቃ የሚያርፈው እዚህ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ማኖር ያለና የነበረ ብልሃት ነው። ችግሩ የባለቤቱ ስም የሌለበትን ከረጢት ማኖር ነው።

በእኛ ላይ የደረሰው ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። በ2015 የገና ዕለት፣ ዲሴምበር 25፣ የጨዋታ መደብሩ ስቲም ላይ ሰዎች ገጻቸውን ሲከፍቱ የሌላ ሰው ገጽ አዩ። ኢሜይል፣ የክፍያ አድራሻ፣ የግዢ ታሪክ። ባለቤቱ ቫልቭ በኋላ እንዳስረዳው፣ በዚያ ቀን ጥቃት ደርሶባቸው ጫናውን ለመቀነስ የካሽ ደንብ ተቀይሮ ነበር። አንደኛው ደንብ ገብተው ያሉ ሰዎችን ገጽ ጭምር ያስቀምጥ ነበር። ወደ 34,000 ሰዎችን ነካ ብለዋል። ልብ በሉ፣ ስህተቱ የመጣው በጫና ሰዓት ነው። የእኔም ወር መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ካሽ የሚበራው ሁልጊዜ ሰው ሲጨንቀው ነው። ያኔ ደግሞ ማንም ረጋ ብሎ ስለ ቁልፍ አያስብም። ደንቡን ጫና ሳይኖር፣ በሰላሙ ቀን አዘጋጁት የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በ2023፣ ማርች 20 ነው። ቻትጂፒቲ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሌላ ሰው ውይይት ርዕስ ታያቸው። ባለቤቱ ኦፕንኤአይ እንዳብራራው ችግሩ ሬዲስ-ፓይ በሚባል ላይብረሪ ውስጥ ነበር፣ ሬዲስ ከሚባለው የካሽ ማስቀመጫ ጋር በሚያገናኝ ዝግጁ ኮድ። አንድ ጥያቄ ከተላከ በኋላ መልሱ ሳይመጣ ቢሰረዝ፣ መልሱ ኮኔክሽኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኮኔክሽኑን ቀጥሎ የያዘው ሌላ ሰው ያንን የተንጠለጠለ መልስ ይወስደዋል። በአንድ የ9 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ንቁ ከነበሩት ከፋይ የፕላስ ደንበኞች የ1.2 በመቶዎቹ የክፍያ መረጃ ለሌላ ሰው ሊታይ ይችል ነበር ብለዋል። እዚህ ላይ ቁልፉ ትክክል ሆኖም መልሱ ተሳሳተ። ካረሙት ነገር ውስጥ አንዱን ወድጄ ወስጄዋለሁ። ከካሽ የመጣው ዳታ የጠየቀው ሰው የራሱ መሆኑን እንደገና ማረጋገጥ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ ሕጉ። ኤችቲቲፒ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ከሰርቨር ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። የካሽ ደንቡ የተጻፈው አርኤፍሲ 9111 በሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ላይ ነው፣ በጁን 2022 የወጣ። ደንቡ አስተዋይ ነው። ጥያቄው ኦቶራይዜሽን ሄደር ካለው፣ የጋራ የሆነ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ካሽ መልሱን ለሌላ ጥያቄ መስጠት የለበትም ይላል። ታዲያ የእኔ ጌትዌይ ለምን ሰጠ? ምክንያቱም ብዙ የክላውድ ካሽ የሚሠራው እናንተ በሞላችሁለት ደንብ እንጂ በዚህ ሰነድ ብቻ አይደለም። ማብሪያው «60 ሰከንድ ያዝ» ካለው ይይዛል።

ደንቡ ራሱም ሦስት የመክፈቻ ቃላት አሉት። መልሱ ካሽ-ኮንትሮል ሄደር ላይ «ፐብሊክ» ካለ፣ ወይም «ኤስ-ማክስ-ኤጅ» ካለ፣ ወይም «መስት-ሪቫሊዴት» ካለ፣ የጋራው ካሽ መልሱን መጠቀም ይፈቀድለታል። የመጀመሪያውን ሰው ይጠረጥራል። ሦስተኛውን ግን ማንም አይጠረጥረውም። «መስት-ሪቫሊዴት» ሲሉት ጠበቅ ያለ ነገር ይመስላል። ልጁ ለጥንቃቄ ብሎ ይጨምረዋል። እንዲያውም የጋራውን በር ይከፍታል። እነዚህን ቃላት ከሆነ ቦታ ቀድቶ መለጠፍ የተለመደ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የማጠብቀው።

የሰው ስም ያለበት መልስ ላይ ሊጻፍ የሚገባው «ፕራይቬት» ነው። የጋራ ካሽ አይንካው፣ የጠያቂው የራሱ ስልክ ወይም ብራውዘር ግን ሊያስቀምጠው ይችላል ማለት ነው። ምንም ቦታ እንዳይቀመጥ የምትፈልጉት ከሆነ «ኖ-ስቶር» ነው። እባካችሁ «ኖ-ካሽ»ን ከ«ኖ-ስቶር» አታምታቱት። ስሙ ያሳስታል። «ኖ-ካሽ» አስቀምጥ፣ ግን ከመስጠትህ በፊት ሰርቨሩን ጠይቅ ማለት ነው።

እኔ ዛሬ ለሂሳብ ዓይነት ነገር የምወደው «ፕራይቬት፣ ኖ-ካሽ» ከኢታግ ጋር ነው። ኢታግ መልሱ ላይ የሚለጠፍ ማኅተም ነው። ስልኩ በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ ማኅተም ያለው አለኝ፣ ተቀይሯል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ በመጀመሪያ ቶከኑን ይመረምራል። ከዚያ ካልተቀየረ 304 ብሎ ባዶ መልስ ይልካል። መመላለሱ አይቀርም፣ ዳታው ግን ይቆጠባል። እዚህ ሰው የሞባይል ፓኬጁን በሜጋባይት ቆጥሮ ነው የሚጠቀመው። ይህ ቁጠባ ቀላል አይደለም።

«ቬሪ» የሚባል ሄደርም አለ። መልሱ በየትኛው ሄደር እንደሚለያይ ይናገራል። ለቋንቋ ጥሩ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገር መተግበሪያ ካላችሁ ያስፈልጋችኋል። ለሰው መለያ ግን በእርሱ ብቻ አትተማመኑ። ሲዲኤኖች ሁሉ በሙሉ አያከብሩትም።

አሁን ወደ ራሳችን ካሽ ልግባ፣ ሬዲስ ውስጥ እኛው ወደምንጽፈው። እዚህ ቁልፉን የምንሠራው እኛው ነን። ስለዚህ ማንንም አንወቅስም።

የሰውየውን መለያ ከየት ትወስዳላችሁ? ከተመረመረ ቶከን ውስጥ ብቻ። «ሰብ» የሚባለው ቦታ ላይ ያለውን የማይለወጥ መለያ ውሰዱ። አድራሻው ላይ «ዩዘር እኩል ይሆናል 17» ብሎ የመጣውን አትመኑ። እሱን ማንም 18 ብሎ ሊቀይረው ይችላል። ኢሜይልም አልወድም። ኢሜይል ይቀየራል፣ ያው ኢሜይል ለሌላ ሠራተኛ ሊሰጥ ይችላል። ቶከኑን ራሱን ቁልፍ የሚያደርግ አለ። ይህም ሁለት ጉዳት አለው። ቶከን ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ ካሹ ይመክናል። ከዚያ የባሰው፣ ቁልፍ ሎግ ላይ፣ የሲስተሙ የሥራ መዝገብ ላይ ይወጣል። ሎጉን ያየ ሁሉ ቶከን ያገኛል።

ኤፒአያችሁ ለብዙ ድርጅቶች የሚያገለግል ከሆነ የድርጅቱም መለያ ይግባ። የአንዱ ማህበር አባል ቁጥር 17 እና የሌላው ማህበር አባል ቁጥር 17 ሁለት ሰዎች ናቸው። ስታያይዟቸው ደግሞ መሐላቸው መለያ ምልክት ይኑር። ማህበር 1፣ አባል 12 ብላችሁ ዝም ብላችሁ ብትገጥሙት 112 ይሆናል። ማህበር 11፣ አባል 2ም 112 ነው። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ለወራት ተኝቶ ይቆያል። አባላት ሲበዙ አንድ ቀን ይነሣል። ማንም ደግሞ ምክንያቱን ቶሎ አያገኘውም።

ቀጥሎ የፈቃድ ለውጥ አለ። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ የሁሉንም አባል ዝርዝር ያያል። ዛሬ ሥራ ቀየረ፣ ፈቃዱ ተነሣ። ካሹ ግን ትናንት የሠራለትን ዝርዝር ይዟል። ቁልፉ ውስጥ የፈቃድ ስሪት ቁጥር አስገቡ። ፈቃዱ ሲቀየር ቁጥሩ ይጨምራል፣ የድሮው ገጽ የሚፈልገው ያጣል።

አሁን ቅድም የተውኩትን ላንሣ። ካሽ ውስጥ መልሱን ስታስቀምጡ የባለቤቱን መለያ አብራችሁ በውስጡ ጻፉ። ስታወጡት አወዳድሩ። የጠየቀው ሰውና በውስጡ የተጻፈው አንድ ካልሆኑ መልሱን ጣሉት፣ ከዳታቤዝ አምጡ፣ ማስጠንቀቂያም ይጩህ። ባለሱቁ ገጹን ከገለጠ በኋላ ከላይ የተጻፈውን ስም እንደገና እንደሚያነበው ማለት ነው። አንድ መስመር ኮድ ነው። ቁልፉ ቢሳሳት፣ ኮኔክሽኑ ቢደባለቅ፣ ይህች መስመር ትይዘዋለች። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ያዙ።

ሁለት ሦስት ነገር በአጭሩ። ሰርቨርለስ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ማለትም ሰርቨሩን ለክላውዱ ትታችሁ ፈንክሽን ብቻ የምትጽፉ፣ ከፈንክሽኑ ውጭ የተጻፈ ተለዋዋጭ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። «የአሁኑ ዩዘር» ብላችሁ እዚያ አታስቀምጡ። ኩኪ፣ ብራውዘሩ የሚይዘውን መለያ የሚያወጣ መልስ ወደ ጋራ ካሽ ፈጽሞ እንዳይገባ። የሌላ ሰው ሂሳብ ማየት አንድ ነገር ነው፣ የሌላ ሰው ሴሽን፣ የገባበትን ፈቃድ ማግኘት ግን ያንን ሰው መሆን ነው። ደግሞም የአድራሻውን ጫፍ አይቶ ካሽ የሚያደርግ ሲዲኤን ካላችሁ ተጠንቀቁ። በ2017 ኦመር ጊል የተባለ ተመራማሪ ከገጹ አድራሻ ጀርባ የሲኤስኤስ (የገጽ ማስዋቢያ) ፋይል ስም በመለጠፍ ብቻ የግል ገጽ ካሽ እንዲሆን ማድረግ እንደሚቻል በፔይፓል ላይ አሳይቷል። ሰርቨሩ ትርፉን ችላ ብሎ የሰውየውን ገጽ ይሰጣል። ሲዲኤኑ ሲኤስኤስ ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። መድኃኒቱ የማያውቀውን አድራሻ ሰርቨሩ 404፣ «የለም» እንዲል ማድረግ ነው።

እኛ መጨረሻ ላይ ምን አደረግን? መልሱን ለሁለት ከፈልነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የወለድ ተመን፣ የቅርንጫፍ ዝርዝርና ማስታወቂያ አለ። ይህ የስኳር ዋጋ ነው። ለብቻው አድራሻ ሰጥተን ሲዲኤን ላይ 10 ደቂቃ አስቀመጥነው። ሂሳቡን ከጋራ ካሽ ጨርሶ አወጣነው። ሂሳቡ ለምን እንደሚዘገይ ስናይ ደግሞ ዳታቤዙ ላይ አንድ ኢንዴክስ፣ ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ ጎድሎ ነበር። ኢንዴክሱን ጨመርን፣ ፈጠነ። ያንን ቀድመን ብናይ ኖሮ ማብሪያውን ባልነካሁት። ካሽ ስታስቡ በመጀመሪያ ጥያቄው ለምን እንደዘገየ እዩ እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ነው።

ፈተናም ጻፍን። ሁለት አባላት አሉ፣ ሀ እና ለ። ሀ ይጠይቃል። ወዲያው ለ ይጠይቃል። ቀጥሎ ያለ ቶከን ይጠየቃል። ለ የሀን መልስ ካገኘ፣ ወይም ያለ ቶከን የጠየቀው ከ401፣ ከ«አላወቅኩህም» ሌላ ነገር ካገኘ፣ አዲሱ ኮድ አይወጣም። ይህ ፈተና በላፕቶፕ ላይ ቢሮጥ ጥቅም የለውም። ላፕቶፓችሁ ላይ ሲዲኤንም ጌትዌይም የለም። ሰው በሚገባበት በዋናው በር፣ በእውነተኛው አድራሻ ነው መሮጥ ያለበት።

ከዚህ በኋላ መድረኩን ለጥያቄ ተውኩት።

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «አቦ፣ እኛ ቤት ስልኩ የእናቴም የእህቴም የእኔም ነው። ፕራይቬት ብንለውስ?» በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው። «ፕራይቬት» የሚለየው መሣሪያን እንጂ ሰውን አይደለም። አንድ ብራውዘር ላይ እናት ወጥታ እህት ብትገባ፣ የእናት መልስ እዚያው ሊጠብቃት ይችላል። ኢንተርኔት ቤት ያለውም ኮምፒውተር እንደዚያው ነው። እንዲህ ላለው «ኖ-ስቶር» ይሻላል። ሰውየው ሲወጣ ደግሞ ሰርቨሩ «ክሊር-ሳይት-ዳታ» የሚባለውን ሄደር ቢልክ፣ የሚደግፈው ብራውዘር የያዘውን ይጠርጋል። መተግበሪያ ከሆነ ሲወጣ ያስቀመጠውን ሁሉ ራሱ ያጥፋ።

አንዷ ደግሞ ሕጉን ጠየቀችኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ መያዝ ኃላፊነት ሆኗል። ካሽ ውስጥ ያለውም የተያዘ መረጃ ነው። ለ60 ሰከንድ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የመጨረሻዋ ጠያቂ «ካጠፋችሁት በኋላስ?» አለች። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የተሳሳተው መልስ በየቦታው ተቀምጧል። ሲዲኤኑን መጥረግ፣ ሬዲሱን መጥረግ፣ የቁልፉን ስሪት መቀየር ያስፈልጋል። ስልኮች ላይ የቀረውን ለማስወጣት እኛ የመተግበሪያውን አድራሻ እስከ መቀየር ደርሰናል።

ከዚያ ሰዎቹ አሉ። እኔ ወደ እማማ መልሼ ደወልኩ።

«አሁን ስንት ይላል?»

«6 ሺህ። የራሴው ነው። ያ 80 ሺህ የማን ነበር?»

«ልነግርዎ አልችልም እማማ።»

«ልክ ነህ። የኔንም ለሰው አትንገር።»

የእሳቸውም ሂሳብ ለሌላ ሰው ታይቶ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ለስንት ሰው?» አሉኝ።

ሎጋችን ካሹ የመለሰውን ለማን እንደመለሰ አይጽፍም ነበር። ቁጥሩን ልነግራቸው አልቻልኩም። አሁን የምሠራው ጌትዌይ ሁሉ ካሽ የመለሰውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከጠያቂው መለያና ከኤጁ ጋር ይመዘግባል።